ሴቷ ባትሪው ላይ፣ ወንዱ መኪናው ላይ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ለሙሽራዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ባልሽን፣ ወንድሜን፣ አልጠይቅሽም። የሚነዳውን አውቶቡስ እዚህ መናኸሪያ አቁሞ ምሳዬን እየበላብኝ ስለሚመለስ ደህንነቱን ከአንቺ ይልቅ እኔ አውቃለሁ። "ካገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ እስከ መቼ ነው ሙሽራ የሚሉኝ?" ላልሽው፣ ከአንቺ ወዲህ አግብታ ወደ ቤታችን የገባች የለችም። ተተኪ እስኪመጣ ማዕረጉ ያንቺ ነው፤ ቻይው።

መልሴ የዘገየው ንቄሽ አይደለም። ሰሞኑን የሆስፒታሉን አሳንሰር እየጠገንን ነው፣ ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ነኝ። እዚያ ስልክ አይሠራም፤ ስወጣ ደግሞ የማንንም ድምፅ መስማት አልፈልግም። ደብዳቤ ይሻለኛል። ወንድሜ እንደሆነ ከፖስታ ቤት ይፈጥናል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ለምትከፍቺው የውድድር አዳራሽ፣ ለሪሞት መኪናዎቹ ባትሪ የትኛው ማገናኛ ይሻላል ብለሽ ሦስት ገጽ ሞልተሻል። ሦስቱንም ዓይነት ካርቶን ላይ በናስትሮ ለጥፌ ልኬልሻለሁ፤ እያየሽ አንብቢ።

ነጩ፣ ያ በምላስ የሚቆለፈው፣ ከመኪናዎቹ ጋር ከፋብሪካ የሚመጣው ነው። ለሕፃን መጫወቻ ይበቃል። አንቺ የገዛሻቸው ግን በቁመታቸው አይገመቱም፤ ኃይል ሲስቡ ነጩ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ መጨረሻ ላይ ጥንዱ ተጣብቆ በጥርስ ቢጎትቱት አይላቀቅም። መዶሻ የሚመስለው ቀዩ ጎበዝ ነው፣ አይግልም። ችግሩ መያዣ የለውም፤ እጁ ያላበው ሰው ፕላስቲኩን ትቶ ሽቦውን ይጎትታል፣ ሽቦው ደግሞ አንድ ቀን ይመዘዛል። ቢጫውን ውሰጂ። ወፍራም ነው፣ ኃይል ይችላል፣ ጣት ይይዘዋል፣ አንደኛው ጎኑ ስለተቆረጠ ገልብጠሽ ልክተተው ብትዪ እምቢ ይልሻል። ብቻ የፋብሪካው ማህተም ያለበትን ግዢ፤ የሐሰቱ ገና መበየጃ ሲነካው እንደ ቅቤ ይቀልጣል።

ከዚያ አንድ ሕግ አለ፦ ሴቷ ባትሪው ላይ፣ ወንዱ መኪናው ላይ። ባትሪ ማጥፊያ የለውም፣ ሁልጊዜ እንደነቃ ነው። ወንዱን እሱ ላይ ካደረግሽው ካገኘው ብረት ሁሉ ጋር ይጣላል።

አሁን ደግሞ የእኔ ጥያቄ። የእጅ ጽሑፍሽን ምን ነካው? ፊደሎቹ ሁሉ ወደ ኋላ ተጋድመዋል። ልብስ ሰፊ ነሽ፤ መስመር የምታጣምሚ ሰው አይደለሽም። በግራ እጅሽ ነው የጻፍሽው። ለምን? ምድር ቤቱን ያከራየሽ ባለ ሕንፃስ የፈቃድ ካርድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ስልክ የፈለገው ለምንድን ነው? ቁጥሬን ስጪው፣ የማፍረው ነገር የለኝም። ምክንያቱን ግን ከአንቺ አፍ ልስማው።

ዋርሳሽ


አርብ፣ ጥቅምት 8

ለማከብርዎ እታለም፣

ጤና ይስጥልኝ። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ እኔም ደህና ነኝ፣ እጄም ደህና ነው።

እሺ፣ እጄ ደህና አይደለም። ለእርስዎ መዋሸት እንደማይቻል ወንድምዎ ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማ ብዬ ነው።

የገዛኋቸው መኪናዎች አንዳንዶቹ ያገለገሉ ናቸው። ከመካከላቸው የአንዱ ባትሪ ማገናኛው ተቆርጦ ሁለቱ ሽቦዎች ራቁታቸውን ነበሩ። "በኋላ አስተካክለዋለሁ" ብዬ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። በኪሴ ውስጥ መቀስ አለ። ልብስ ሰፊ ኪሷ ውስጥ መቀስ ከሌለ ራቁቷን የወጣች ነው የሚመስላት፤ እርስዎም ካቻቪቴ ሳይዙ እንደማይወጡ ያውቁታል። መቀሱ ሁለቱን ሽቦ አገናኛቸው። ጎኔ ላይ ጢስ ሲነሣ በቀኝ እጄ አውጥቼ ሲሚንቶው ላይ ወረወርኩት። መዳፌ ተልጧል፤ ሐኪሙ ግን ጣቶቼ እንዳልተነኩ ነግሮኛል፣ ይድናል።

ከእጄ ይልቅ የሚያመኝ ሌላው ነው። ባለ ሕንፃው ጢሱን አሽትቶ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። ያልኩትን ሁሉ ሰምቶ፦ "እኔ ፎቁ ላይ ተከራዮች አሉኝ። አንድ የማምነው ባለሙያ ስለዚህ ነገር ካላረጋገጠልኝ፣ ወይም ሁለተኛ ጢስ ካሸተትኩ፣ ቁልፉን ትመልሺያለሽ" አለኝ። አልፈርድበትም። እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የምለው። ግን እታለም፣ ይህ አዳራሽ ከሄደ ተመልሼ የሰው ሱሪ ማሳጠር ነው። ሱሪ ማሳጠር ነውር ሆኖ አይደለም። ሰው መጥቶ መኪና ተከራይቶ የሚወዳደርበት፣ ትልቁም ትንሹም የሚስቅበት ቦታ መክፈት ስፌት ላይ ሆኜ ያሰብኩት ነገር ነው። አንድ ጊዜ የራሴን ነገር ልጀምር።

ያልነገርኩዎት "ብዬሽ ነበር" እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።

ቢጫውን መርጫለሁ፣ ባለማህተሙን። እጄ እስኪድን የሚበይደው ወንድምዎ ነው፣ በዕረፍት ቀኑ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ አዛለሁ፤ ደስ የሚል ሥራ ነው። ይችላል ወይ? ከእኔ ቀድመው የሚያውቁት እርስዎ ነዎትና እውነቱን ይንገሩኝ።

ሙሽራዎ


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ለሙሽራዬ፣

እግዜር ይማርሽ። ቁስሉን ውሃ አታስነኪው፣ ቅባት ነው እያሉ የሚያመጡልሽንም ሁሉ አትቀቢው።

"ብዬሽ ነበር" አልልሽም። አላልኩሽማ! ብዬሽ ቢሆን ኖሮ ግን ሳልል አላድርም ነበር።

ወንድሜ ይችላል። ልጅ ሳለ የቤቱን ሬዲዮ ፈትቶ ሲገጥም ሁልጊዜ ብሎን ይተርፈው ነበር። ሬዲዮው ግን ይሠራ ነበር፤ እናታችን እስክታርፍ ያንኑ ነው ያዳመጠችው። አንድ ነገር ብቻ ተቆጣጠሪው፣ ችኩል ነው። የባትሪውን ሁለት ሽቦ አንድ ላይ እንዳይቆርጥ። መቁረጫው ራሱ ብረት ነው፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ከነከሰ ኪስሽ ውስጥ የሆነው እጁ ላይ ይደገማል። አንዱን ቆርጦ፣ በይዶ፣ ሸፍኖ፣ ከዚያ ወደ ሌላው።

ሲበይድም ማገናኛውን ከጥንዱ ጋር አጋብቶ ይሁን። ብቻውን የሚበየድ ማገናኛ ሲሞቅ ብረቱ ይጣመማል፣ ኋላ አልገባም ብሎ ያስቸግራል። ብቻዬን ኖሬ ይህን የምለው እኔ መሆኔ አያስቅሽ። ቀልጦ የሚያጣብቀው ሊድ ፈስሶ እንደ መስተዋት ካብረቀረቀ ጥሩ ነው፤ ከደበዘዘና ከተንጠባጠበ ይድገመው።

ያበጠ ባትሪ ካለ "ገና ይሠራል" የሚል ሰው አትስሚ፣ ከቤት ይውጣ። ቻርጅ ስታደርጊ ሲሚንቶ ላይ፣ የብረት ሣጥን ውስጥ፣ ዓይንሽ እያየው። ዞር ማለት ካለብሽ ንቀዪው።

ከሠራችሁት አንዱን ላኪልኝ፤ ልየው። ሳላይ ለማንም "ደህና ነው" አልልም፣ ለወንድሜ ሚስትም ቢሆን።

ዋርሳሽ


እሑድ፣ ጥቅምት 17

ለማከብርዎ እታለም፣

እንኳን ደስ አለሽ ይበሉኝ፣ ጨርሰናል! ባትሪዎቹም፣ መኪናዎቹም፣ ቻርጀሮቹም ቢጫ በቢጫ ሆነዋል። ወንድምዎ አንድም ብሎን አልተረፈውም፤ እንግዲህ እኔ ያዘዝኩት ሰው ሌላ መሆን አለበት።

"ሕጉን ጠብቃችኋል?" ብለው በወንድምዎ ላስጠየቁኝ፣ ጠብቀናል። ሴቷ ባትሪው ላይ፣ ወንዱ መኪናው ላይ። እያንዳንዱን እኔው ራሴ አይቻለሁ። ከባትሪዎቹ አንዱ ሆዱ ተነፍቶ ስላገኘሁት እንዳሉኝ አስወጥቼዋለሁ። ከማስወጣቴ በፊት ማገናኛ ያለበትን ጭራውን ቆርጬ፣ አንድ በአንድ ሽቦውን እየሸፈንኩ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ሊዱን ይዩልኝ፣ ያብረቀርቃል።

የውድድሩን መንገድ ቢያዩት! መሬቱ ላይ ቀጭን ምንጣፍ ወጥሬ በሸራ መርፌ ሰፍቼዋለሁ። ጠርዙ ከአሮጌ የእሳት አደጋ ቱቦ ነው፤ መኪና ሲመታው ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ማጠፊያው ላይ ወንድምዎ "አውቶቡስ ቢሆን እዚህ ይገለበጣል" ይላል።

የፊታችን ቅዳሜ ይከፈታል። ወረቀት በየሱቁ ለጥፌአለሁ፤ ስልኬ ከዚያ ወዲህ አላረፈም። ባለ ሕንፃውም እመጣለሁ ብሏል። ይምጣ፣ አልፈራውም።

ሙሽራዎ


አርብ፣ ጥቅምት 22

ሙሽራዬ፣

ሰላምታውን ተዪው። የላክሽውን ጥበቃው አስቀምጦት ገና አሁን ከፈትኩት። ባትሪው ላይ ያለው ወንዱ ነው። ሌሎቹም እንደዚህ ከሆኑ ነገ እንዳትከፍቺ።

ስልክሽ ተይዟል እያለኝ ነው። ለወንድሜ መናኸሪያ ላይ በቃሌ ነግሬዋለሁ፤ እሱ ግን ክፉ ወሬ ማሳመር ስለሚወድ ይህንንም ጽፌአለሁ። ጥቂቱን ሳይሆን ሁሉንም ባትሪ እዪ።

ዋርሳሽ


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

እታለም፣

ሰላምታ ካስቀረሽ እኔም አስቀርቻለሁ።

ወንድምሽ አውቶቡሱን ሳያሳጥብ በቀጥታ አዳራሹ መጣ። እንዳልሽውም አሳምሮ ጀመረ፦ "ትንሽ ነገር ነው፣ እታለም የምትለው..." ወረቀትሽን ነጠቅኩት። ሰዉ ከበሩ እስከ ደረጃው አፍ ተሰልፏል። እኔ መጀመሪያ በአንቺ ሳቅኩ። ጉድጓድ ውስጥ ውላ ዓይኗ ደክሟል አልኩ። ባትሪ አንሥቼ ለወንድምሽ አሳየሁት፦ "ይኸው ሴቷ! ታዲያ ይህቺ ሴት ካልሆነች ማን ናት?"

በእኛ ሙያ የሚያቅፈው ሴት ነው፣ የሚገባው ወንድ። የሸሚዝ ቁልፍ ወንድ፣ ቀዳዳው ሴት። መንጠቆው ወንድ፣ ማሰሪያው ሴት። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንደዚህ ነው የሰማሁት። ባትሪዎቹ ላይ ያስበየድኩት ደግሞ እንደ ኩባያ ሆኖ ሌላውን የሚያቅፈውን ነው። ከዚያ ወደ ኩባያው ውስጥ ተመለከትኩ። ሁለት የብረት ጣቶች ቆመዋል። አንድ የጆሮ ጌጥ፣ አንድ ብሎን፣ አንዲት ቁራጭ መርፌ እዚያ ብትገባ የት እንደምታርፍ ዓይኔ ነገረኝ። ሌላኛውን አየሁት፤ ከውጭ ሲያዩት የሚገባው ነው፣ ብረቱ ግን ጉድጓድ ውስጥ ተደብቋል። አንቺ ሴት ያልሻት እሷን ነው።

"ብረቱን ነው የምቆጥረው" ብለሽ አንዲት ቃል ብትጨምሪ ምን ነበረበት? ካርቶኑ ላይ የለጠፍሽውም ጥንዱ ተጋብቶ ነበር፤ ውስጡን በምን ልየው? ሲበየድም "አጋብቶ ይሁን" አልሽኝ። እኔ የታዘዝኩትን አደረግኩ! ሁሉንም አደረግኩ!

በሩን ከፍቼ ወጣሁና "ዛሬ አይከፈትም" አልኩ። ለምን አሉኝ። መብራት ጠፋ ብል ያምኑኝ ነበር። "ባትሪዎቼ ላይ ስህተት አለ፣ እስካስተካክለው ለማንም አልሰጥም" አልኳቸው። አንዱ "ከመክፈትሽ በፊት አታዪም ነበር?" አለኝ። ልክ ነው። አንዲት እናት የሚያለቅስ ልጇን እየጎተተች ስትሄድ በዓይኗ ነው የሰደበችኝ። ባለ ሕንፃው እጁን አጣምሮ ደረጃው ላይ ቆሞ ሁሉን አየ። ሲጨርሱ "ሰኞ እንነጋገር" ብሎኝ ወጣ። ምን እንደሚል አውቃለሁ።

አልቅሻለሁ። አሁን አብቅቻለሁ። እጄ ድኗል፤ ነገ መበየጃውን የምይዘው እኔ ነኝ። ሰኞ ቁልፉን ቢቀበለኝም ትክክለኛ ባትሪዎች ይዤ ነው ከዚያ ምድር ቤት የምወጣው።

የወንድምሽ ሚስት


ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ለሙሽራዬ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። "አንቺ" ብለሽኛል። ከላይ እስከ ታች፣ አንድ "እርስዎ" ሳይቀላቀልበት! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "እርስዎ" እያልሽ አሮጊት ስታደርጊኝ ኖረሽ ገና አሁን ሰው አደረግሽኝ። ሲበርድልሽ ደንግጠሽ እንዳትመልሺው። እወድሻለሁ፤ ይህን ደግሞ ለወንድሜ እንዳታሳዪው፣ ይኮራል።

ጥፋቱ የማን ነው ለሚለው፣ እኔ ትክክል ነበርኩ፣ አንቺም ትክክል ነበርሽ፣ ባትሪዎቹ ብቻ ተሳሳቱ። ኤሌክትሪሺያን የሚያየው ብረቱን ነው፤ ፕላስቲኩ ለእኛ ልብስ ነው። ለአንቺ ደግሞ ዋናው ልብሱ ነው፣ እንጀራሽ ነበርና። ሁለት ባለሙያ አንድ ቃል ሲካፈል እንዲህ ነው የሚሆነው። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ማንም በልብስ ቁልፍ ስላልጠየቀኝ ማስረዳት አልለመድኩም። ከዛሬ ጀምሮ ግን የሥራ ባልደረቦቼን "ሰጪ" እና "ተቀባይ" እንዲሉ አስገድጃቸዋለሁ። ሰጪው ባትሪው ላይ ይሁን፤ ሰጪ ብረቱን አያሳይም።

ከዚህ ጋር አዲስ ማገናኛ በከረጢት ልኬልሻለሁ። አሮጌዎቹን ፈትቼ መልሼ ልበይድ አትበዪ፤ ሁለት ጊዜ የተበየደ ፕላስቲክ መያዝ ይሰለቸዋል። መኪናዎቹንም እንዳትረሺ፣ ቻርጀሮቹንም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ቀስ በዪ።

ባለ ሕንፃውን "ምን ልበለው?" ብለሽ ወንድሜን በቃል ልከሽብኛል። ምንም አትበዪው። እየበየድሽ ያግኝሽ። ስለ እሱ እኔ የምጽፈው የለኝም።

እታለም


ሰኞ፣ ኅዳር 2

እታለም፣ እንደምነሽ?

"አንቺ" ማለት ምላሴን እያደናቀፈው ነው፤ ግን ታዝዣለሁ። ቅዳሜ ተከፈተ!

ሁሉንም ልንገርሽ አልችልም፣ ድምፄ ብቻ ሳይሆን እጄም ዝሏል። ያቺ በዓይኗ የሰደበችኝ እናት ተመልሳ መጣች። ልጇ ገና ተራውን ሲጠብቅ እሷ ሪሞቱን ይዛ ማጠፊያው ላይ ሦስት ወንዶች ቀደመች። ጢስ የለም፣ ሽታ የለም፣ ባትሪ ሲቀየር ትንሽ "ጠቅ" ከማለት በቀር ምንም አልተሰማም። ማታ ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ዳሰስኳቸው፤ ማገናኛዎቹ ለብ እንኳ አላሉም።

"ሰጪና ተቀባይ" ያልሽውን ግን ጥዬዋለሁ፣ አትቀየሚኝ። ወንድምሽ "ቻርጅ ሲሆን ባትሪው ተቀባይ አይደለም ወይ?" ብሎ አፈረሰው። እኔ ጋ "የባትሪው ጫፍ" እና "የመኪናው ጫፍ" ነው የሚባለው። የባትሪውን ሁሉ በቀይ የጥፍር ቀለም ቀብቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ ማንም የሚከራከርበት የለም።

ባለ ሕንፃው ያን ሰኞ ወረደ። እንዳልሽኝ ዝም ብዬ መበየዴን ቀጠልኩ። አጠገቤ ቆሞ አየ፣ አየ፣ ከዚያ "ለቅዳሜ ይድረስልሽ" ብሎኝ ሄደ። እኔ ቁልፉን ከመሳቢያ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅቼው ነበር! ቅዳሜም መጣ። አንድ ባትሪ አንሥቶ ገልብጦ ሊከተው ታገለ፤ ፊቱ እስኪቀላ ገፋው። "እምቢ አለ" አለኝ፣ እንደ ተሸነፈ ሰው። ከዚያ መኪና ተቀብሎ እስኪመሽ ግድግዳ ሲገጭ ዋለ።

ልጠይቀው ደፈርኩ፦ "አንተ እኮ የሚያረጋግጥልህ ባለሙያ ፈልገህ ነበር። በምን ሐሳብህን ቀየርክ?" አልኩት። "ዋርሳሽን ጠይቂ" ብሎኝ መኪናውን አስነሣ። ምን ብለሽው ነው? ባትሪዎቹን ሳታዪ "ደህና ናቸው" አልሽልኝ?

ሙሽራሽ


ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ለሙሽራዬ፣

እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! የጥፍር ቀለሙን ሐሳብ ሰርቄሻለሁ፤ የአሳንሰሩ ሽቦዎች ዛሬ እንደ ሙሽራ ተኩለው ውለዋል፣ አለቃዬም የማን ብልኃት ነው ብሎ ጠይቆኛል። የወንድሜ ሚስት ናት አልኩት።

አይደለም፣ ባትሪዎቹ ደህና ናቸው አላልኩም። ያላየሁትን አላልኩም። ባለ ሕንፃው የደወለልኝ በዚያው ባልከፈትሽበት ቅዳሜ ማታ ነው። ገና ልብሴን ሳልቀይር አገኘኝ። "ሴትዮ፣ የወንድምሽ ሚስት ዛሬ ሰው ሰብስባ መለሰች። ባትሪዎቿ ስህተት ናቸው ብላ በራሷ አፍ ተናገረች። እንግዲህ ቁልፉን ልቀበላት?" አለኝ። እሱ ራሱ ይንገራት ብዬ እስካሁን የያዝኩት ይህን ነው።

"ተዋት" አልኩት። "ስለ ባትሪዎቹ አልፈርምልህም፣ ስለ እሷ ግን እፈርማለሁ። ሰው በሯ ላይ ቆሞ፣ አንተም ቆመህ እያየሃት፣ ዛሬ አልከፍትም ያለች ሴት ቤትህን አታቃጥልም። እኔ ብሆን ኖሮ እከፍት ነበር።"

እታለም